ለላቦራቶሪው ሰው፣ ከአንድ ዝምተኛ ልጅ አባት

ይህን ምስጋና ለመጻፍ ሳስብ ሁለት ወር አለፈኝ። ዛሬ ግን ልጄ ከትምህርት ቤት መጣና፣ ቦርሳውን እንኳን ሳያወርድ፣ «አባ፣ ታውቃለህ?» ብሎ ጀመረ። ለሌላ ወላጅ ይህ ምንም ላይሆን ይችላል። እኛ ቤት ግን «ታውቃለህ?» ከተሰማ ስንት ጊዜው!

ልጄ 12 ዓመቱ ነው። የተበላሸ ሬዲዮ ካገኘ ፈታትቶ ካላየው እንቅልፍ አይወስደውም። መልሶ ሲገጥመው ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ብሎን ይተርፈዋል። ሰው ፊት ግን ቃል አይወጣውም። እንግዳ ሲመጣ ሰላም ብሎ እልም ነው። እኔም ልጅ ሳለሁ እንደዚያው ነበርኩ። መምህር ስሜን ሲጠራ፣ መልሱን እያወቅሁት «አላውቅም» ብዬ ቁጭ እል ነበር። ስለዚህ መካከለኛ ደረጃ የሚማርበት የግል ትምህርት ቤት መፈለግ ስንጀምር ከእሱ ይልቅ የፈራሁት እኔ ነኝ።

የዞርንባቸውን ትምህርት ቤቶች ስም አልጠራም። አንዱ ጋ ለመግቢያ ቃለ መጠይቅ አስቀመጡት። ሴትየዋ «እስኪ ስለ ራስህ ንገረን» አለችው። ምኑን ይንገራት? ገና ሲያስብ ሁለተኛ ጥያቄ ደረበችበት፤ ወዲያው ሦስተኛ። ከዚያ እሱ እዚያው ተቀምጦ ወደ እኔ ዞር ብላ «በትምህርቱ ደከም ይላል እንዴ?» አለችኝ። ልጄ አንገቱን ደፋ። ያቺን ቀን እስካሁን አልረሳኋትም።

ሌላው ጋ ላቦራቶሪ አስጎበኙን። ያምራል! ማይክሮስኮፖቹ በመስመር ተደርድረዋል። ልጄ ጠጋ ብሎ አየና እጄን ጎተት አደረገኝ። ከፋብሪካ ሲወጡ የተጠቀለሉበት ፕላስቲክ አልተነሳም። ተማሪዎቹ መቼ እንደሚጠቀሙባቸው ብጠይቅ «እንዳይሰበሩ እንጠነቀቃለን» ተባልኩ። ሦስተኛው ጋ ደግሞ ስለ ዋንጫና ስለ ፈተና ውጤት አንድ ሰዓት ሙሉ ተወራልን። ልጁን ቀና ብሎ ያየው ግን የለም።

አራተኛው ጋ የሄድኩት ተስፋ ቆርጬ ነው። ጉብኝቱ ሲያልቅ ልጄ ከአጠገቤ የለም። ስፈልገው ላቦራቶሪው በር ላይ ተገትሮ አገኘሁት። ውስጥ ነጭ ጋዋን የለበሱ አንድ ጋሼ የመስታወት ዕቃ ያጥባሉ። መምህር አይደሉም፤ የላቦራቶሪ ቴክኒሺያን ናቸው።

«ግባ» አሉት። ስምህ ማነው፣ ስንተኛ ክፍል ነህ፣ ምንም የለም። አንድ ዳዶ በክር አስረው ከመደርደሪያው ጫፍ አንጠለጠሉለትና ገፋ አደረጉት። ከዚያ «ከበድ ያለ ዳዶ ብናስርበት ይፈጥናል ወይስ ይዘገያል?» ብለው ወደ እጥበታቸው ተመለሱ።

ዝም አሉ። ልጄም ዝም አለ። እኔ ነኝ ያልቻልኩት። ልመልስለት አፌን ስከፍት፣ ሳሙና በነካው እጃቸው ቆይ የሚል ምልክት አሳዩኝ።

ልጄ የግድግዳውን ሰዓት እያየ 10 ምልልስ ቆጠረ። ዳዶውን ፈትቶ ትልቁን አሰረ። እንደገና ቆጠረ። «ያው ነው» አለ። ትንሽ ቆየና፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ «ክሩን ባሳጥረውስ?» አለ።

ዕንባዬ መጣ፣ ምን ልዋሽ።

ክሩ ሲያጥር ፈጠነ። 1 ሜትር ክር ለአንድ ምልልስ 2 ሰከንድ ገደማ ይፈጃል፤ 25 ሳንቲሜትር ሲሆን ግን 1 ሰከንድ ገደማ። ለምን እንደሆነ አስረድተውናል። ስኩዌር ሩት ምናምን ሲባል እኔ እዚያው ጠፋሁ። ልጄ አልጠፋም።

ስንወጣ ላመሰግናቸው ስል «ዝም ያልኩት እኮ ዝም ብዬ አይደለም» አሉኝ። ሜሪ በድ ሮው የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ያሳተመችውን ጥናት አንብበዋል። መምህራን ጥያቄ ጠይቀው መልስ የሚጠብቁት 1 ሰከንድ ያህል ብቻ ሆኖ አገኘችው። 3 ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲታገሡ ግን የልጆቹ መልስ ረዘመ፤ ዝም ብለው የሚቀሩት አነሱ። «እኔማ በልቤ እስከ አስር እቆጥራለሁ» አሉ። ያቺ በጥያቄ ያጣደፈችው ሴትዮ ትዝ አለችኝ።

የዚያኑ ቀን አስመዘገብኩት። ትምህርት ቤቱ እንከን የለውም አልልም። ሜዳው ጠባብ ነው፣ ፎርማችንም ቢሮ ውስጥ ጠፍቶ ሁለቴ ሞልተናል። ግን ልጄ ጠዋት ሳልቀሰቅሰው ይነሳል።

እንደ እኔ ዓይነት ልጅ ያላችሁ፣ እባካችሁ ከቢሮው ጋር ብቻ አውርታችሁ አትመዝግቡ። ላቦራቶሪ ሲያሳዩአችሁ ጠረጴዛውን እዩ፤ የተጫረና የተቃጠለ ከሆነ ጥሩ ነው፣ ልጆች ይሠሩበታል ማለት ነው። ከፈቀዱላችሁ አንድ ክፍለ ጊዜ ከኋላ ተቀመጡና መምህሩ ጠይቆ ስንት ሰከንድ እንደሚታገሥ ቁጠሩ። ኳስ የማይጫወት ልጅ በእረፍት ሰዓት የት እንደሚውል ጠይቁ። የኛው ላቦራቶሪ ነው የሚውለው፣ ከጋሼ ጋር የመስታወት ዕቃ እያደረቀ።

ጋሼ፣ እድሜና ጤና ይስጥልኝ። ልጄን ሳይናገር ሰምተውታል። ደግሜ ደጋግሜ አመሰግናለሁ።

«ስሜን እንዳትጽፍ» ስላሉኝ አልጻፍኩም። የትምህርት ቤቱን ስም የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ ለሁላችሁም እመልሳለሁ። ትንሽ ብዘገይ ቅር አይበላችሁ፤ ልጄ ክር እንድይዝለት እየጠራኝ ነው።