የእናቴን መስኮት ላዳነልኝ የደሴ መስታወት ሠራተኛ

ምስጋና ስላለብኝ ነው የምጽፈው። ደግሞም ደሴና ኮምቦልቻ ያላችሁ፣ አሮጌ ባለ ቀለም መስታወታችሁን ነቅላችሁ ከመጣላችሁ በፊት ይህን ልጅ እንድታናግሩት እፈልጋለሁ።

ደሴ ያለው የእናቴ ቤት ከዋናው በር በላይ ግማሽ ክብ መስኮት አለው። አባቴ ቤቱን ሲገዛም ነበረ። ሰባት ቁራጭ መስታወት ነው፤ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ። በሩ ወደ ምሥራቅ ስለሚያይ በበጋ ጠዋት ቀለሙ ሳሎኑ ወለል ላይ ይነጠፋል። እኔና እህቴ ልጆች ሳለን ቀዩ ላይ ለመቆም እንጋፋ ነበር። ከሰዓት በኋላ ግን ምንም የለም፤ የጦሳ ተራራ ፀሐዩን ቶሎ ነው የሚውጠው።

በ2014 ዓ.ም. በዚያ ክፉ ሰሞን ቤቱን ዘግተን ወጥተን ስንመለስ ሦስቱ ቁራጮች ረግፈው አገኘናቸው። ያኔ ሰው የሚያዝነው በሌላ ነገር ስለነበር ስለ መስኮት ማንም አላወራም። እናቴ የማካሮኒ ካርቶን ለጠፈችበት፤ ካርቶኑም እዚያው ዓመታት ቆየ።

ዘንድሮ ላሠራው ተነሣሁ። መጀመሪያ የጠየቅኳቸው ሁለት የመስታወት ሱቆች መልሳቸው አንድ ዓይነት ነበር፦ «ነቅለን አሉሚኒየም እንግጠምልህ፤ ቀለሙን በስቲከር እናመጣዋለን።» ሦስተኛው ይህ ልጅ ነው። ሥራው የተለመደ ነው፤ የመስኮት መስታወት ይቆርጣል፣ ፎቶ ፍሬም ያደርጋል። ዋጋ ስጠይቀው «ሳላየው ምን ዋጋ እነግርሃለሁ? መስኮቱ ወዴት ነው የሚያየው?» አለኝ። ወደ ምሥራቅ ስለው «እንግዲያስ ጠዋት ነው የምመጣው» አለ። እውነቴን ነው፣ እዚያው ልቤ ወደደው።

መጣም። ከፈረሱ ቤቶች የሰበሰባቸውን ቁርጥራጮች በጋዜጣ ጠቅልሎ ይዞ መጣና መሰላል ላይ ወጥቶ አንድ በአንድ ክፍተቱ ላይ እየያዘ «እማማ፣ ይሄስ?» ይላል። እናቴ ከታች ወለሉን እያየች ትፈርዳለች። መስታወቱን አላየችም፣ ወለሉን ነው ያየችው። ሱቁ ውስጥ እኔ ቆንጆ ያልኩት ሰማያዊ እዚያ ሲያዝ ጥቁር ሆኖ አረፈው። በሦስተኛው «እሱ ነው! እሱ ነው!» ብላ ተነሣች።

ስቲከሩን ለምን እንደማይወደው ጠየቅኩት። የእውነተኛው መስታወት ቀለም ሲቀልጥ አብሮ የሚገባ ማዕድን ነው አለኝ፤ ሰማያዊው ከኮባልት፣ አረንጓዴው ከብረት ወይም ከመዳብ። ስለዚህ ፀሐይ አይበላውም። ስቲከርና ከላይ የተቀባ ቀለም ግን ፀሐይ የሚያገኘው መስኮት ላይ መንጣቱ አይቀርም። መለያውንም አሳየኝ፦ ቁራጩን በጠርዙ በኩል እየው፣ ቀለሙ ውስጥ ድረስ ከዘለቀ እውነተኛ ነው።

እኔም የተማርኩትን ወዲያው ልሞክር ብዬ ያመጣውን ቀይ አነሣሁ። ጠርዙ ነጭ ነው! አንዱ ፊት ላይ ብቻ ክር የሚያክል ቀይ አለ። «ይሄማ የተቀባ ነው» አልኩት፣ ትንሽ ኮምጨጭ ብዬ። ሳቀ። ከመዳብ የሚሠራ ቀይ በሙሉ ውፍረቱ ከተሠራ ብርሃን አያሳልፍም፣ ጥቁር ይሆናል፤ ስለዚህ ጥንትም ነጭ መስታወት ላይ ስስ ቀይ መስታወት በእሳት ይደርቡበታል አለኝ። ከዚያ ወጥቶ ያልረገፈውን የእኛን ቀይ ጠርዝ ገለጥ አድርጎ አሳየኝ። ያው ነው። ያን ሁሉ ዓመት ስንጋፋበት የኖርነው ቀይ የወረቀት ያህል ስስ ነበር። አፈርኩ።

ሥራው ራሱ መቁረጥ ብቻ አይደለም። ቁራጮቹን የሚያያይዘው በሁለት ጎኑ ጎድጎድ ያለ፣ እርሳስ ከሚባለው ማዕድን የተሠራ ቀጭን ዘንግ ነው። እሱን በእንጨት ቀስ አድርጎ ከፈተ፣ መስታወቱን አስገባ፣ መልሶ ዘጋ፣ መገናኛዎቹን በጋለ ካውያ በየደ፣ ከዘንጉ ሥር ስቱኮ ጠቀጠቀ። መስኮቱ ሆዱን ነፍቶ ስለነበርም ሳልጠይቀው ከጀርባው ቀጭን ብረት አቆመለት። እናቴ በየመሃሉ ቡና ጀባ ስትለው አንድ ነገር አስገረመኝ፦ እጁን በሳሙና ደጋግሞ ሳይታጠብ ሲኒ አይነካም። «እርሳስ መርዝ ነው እማማ፣ አብሽሩ፣ ታጥቤ እመጣለሁ።»

የእህቴ ልጅም አጠገቡ ተተክላ ዋለች። እሷም ካልበየድኩ ስትል እምቢ አላት፤ ልጅ እርሳስ አይነካም። በምትኩ ሌላ ነገር አሳያት። ጥቁር ካርቶን ላይ ቅርጽ ቆርጠሽ አውጪ፣ ከኋላው የከረሜላ ወረቀት ለጥፊ፣ መስኮት ላይ ስቀዪው። እሷ ደግሞ ላሊበላ ሄዳ ያየቻቸውን የቤተ ማርያምን የመስቀል መስኮቶች ቆረጠች። (መስኮቶቹ ላይ መስታወትም ቀለምም የለም፤ መስኮቱ ራሱ ከአለቱ በመስቀል ቅርጽ ተፈልፍሎ ብርሃኑን ይቀርጸዋል።) ወላሂ ከእኔ መስኮት ይልቅ ጎረቤት የሚያደንቀው የእሷን ካርቶን ነው።

እኔ ስለ ባለ ቀለም መስታወት የማውቀው አዲስ አበባ አፍሪካ አዳራሽ ያለውን የአፈወርቅ ተክሌን ሥራ ነበር፤ በ1953 ዓ.ም. በተመረቀው አዳራሽ ውስጥ 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍነውን። ያንን ያየ ሰው ስለ አንዲት የክንድ መስኮት መጨነቁ ያሳፍራል ብዬ ለልጁ ነገርኩት። «እሱም እኮ ማታ ከውስጥ ሲያዩት ጥቁር ነው» አለኝና ስቱኮውን መጠቅጠቁን ቀጠለ።

እንከኑንም ልናገር። ቢጫው ከድሮው ትንሽ ደመቅ ይላል፤ ተመሳሳይ አጥቶ ነው፣ ሳይደብቅም አስቀድሞ ነግሮናል። ስልኩ ብዙ ጊዜ አይነሣም። ቀጠሮ ላይ ደግሞ ምሕረት የለውም፦ ሐሙስ ያለኝን በሚቀጥለው ማክሰኞ ነው የመጣው፣ እኔም የሀረጎን ዳገት ሁለት ጊዜ በከንቱ ወጥቼ ወርጃለሁ። ዋጋው ግን ሌሎቹ ለአሉሚኒየም ከጠየቁኝ ግማሽ አይሞላም።

ስሙን በአደባባይ እንዳልጽፍ ስለለመነኝ ትቼዋለሁ። የምትፈልጉት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ሱቁን እጠቁማችኋለሁ። የተሰበረውን ስብርባሪ ግን አትጣሉ፣ ሰብስባችሁ ይዛችሁለት ሂዱ፤ ቀለሙን የሚያመሳስለው በእሱ ነው። ሐሙስ እመጣለሁ ካላችሁም ማክሰኞ ቡና አፍሉ።