ጅማ ውስጥ ለቀስት ስልጠና ልትከፍሉ ያሰባችሁ፣ አስቀድማችሁ አስለኩ

በከተማችን «ደጋንና የጉልበት ማጠናከሪያ ልምምድን ጨምሮ» እየተባለ ለሁሉም በአንድ ዋጋ የሚሸጥ የቀስት ስልጠና አለ። የእህቴ ልጅ ተመዝግባ ነበር። ሙሉ ክፍያው በቅድሚያ ይወሰዳል፤ ብታቋርጡ አይመለስም። ደረሰኝ ስንጠይቅ የተሰጠን በእጅ የተጻፈ ብጣሽ ወረቀት ነው። ገንዘቡ ይቅር፤ እኔን ያሳሰበኝ የልጆቹ ትከሻና እጅ ነው።

ለሁሉም ሰልጣኝ የሚታደለው ደጋን አንድ ዓይነት ነው። በታችኛው ክንፉ ላይ 40 ፓውንድ፣ 28 ኢንች ተብሎ ተጽፎበታል። ክሩ እስከ 28 ኢንች ሲሳብ 18 ኪሎ ግራም ያህል ክብደት ይይዛል ማለት ነው። ጀማሪ አዋቂ እንኳ ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 25 ፓውንድ ባለው ነው የሚጀምረው። ገና በማደግ ላይ ያለችው ልጃችን ክሩን ስትስብ ትከሻዋ ጆሮዋ ሥር ይደርሳል፤ ወገቧ ወደ ኋላ ይለመጣል፤ ክንዷ ይንቀጠቀጣል። አሰልጣኙ «ፑሽ አፕ ጨምሪ» ይላታል። ፑሽ አፕ በዋናነት የሚያጠነክረው ደረትን ነው፤ ደጋን የሚሳበው ግን በጀርባና ከትከሻ ኋላ ባሉ ጡንቻዎች ነው። ለእሷ የሚበጀው ቀለል ያለ ደጋን ይዛ አቋሟን ማስተካከል፣ በላስቲክ የመሳብ ልምምድ መሥራት፣ ከዚያም ሁለት ሁለት ፓውንድ እየጨመሩ መሄድ ነበር።

ከሁሉም ያስደነገጠኝ ፍላጻው ነው። አጠገቧ የቆመው ረጅም ወጣት የተሰጠው ፍላጻ ርዝመቱ ከእሷ ፍላጻ ጋር እኩል ነው። ሙሉ በሙሉ ሲስብ ጫፉ ደጋኑ ላይ ካለው የፍላጻ ማረፊያ ወደ ውስጥ አልፎ ደጋን ወደያዘው እጁ ተጠጋ። በዚያች ቅጽበት ክሩን ቢለቀው ኖሮ ፍላጻው እጁን ሊበሳው ይችል ነበር። አንድ ሰው ክሩን እስከ ምን ያህል እንደሚስብ ለማወቅ ሁለት እጅን ዘርግቶ ከጣት ጫፍ እስከ ጣት ጫፍ መለካትና ለ2.5 ማካፈል ይበቃል፤ 165 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 66 ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም 26 ኢንች ገደማ ይመጣል። የጀማሪ ፍላጻ ከዚያ ቢያንስ አንድ ሁለት ኢንች መርዘም አለበት። ይህን የሚለካ ሜትር እንኳ በቦታው አላየሁም።

ሲያነጣጥሩ የሚቀድመው ዓይን ቀኙ ይሁን ግራው እንኳ አልተመረመረም፤ የደቂቃ ሥራ ነበር።

ስለዚህ ክንዳችሁን ሳይለኩ፣ ዓይናችሁን ሳይፈትሹ፣ ቀላል ደጋን አስይዘው አሳሳባችሁን ሳያዩ ገንዘብ የሚጠይቋችሁን እምቢ በሉ። ለልጆቻችሁ ከሆነ ደግሞ የመጀመሪያውን ቀን ቆማችሁ ተመልከቱ። እኛ ክፍያው እንዲመለስልን ለንግድ ጽሕፈት ቤት አቤቱታ ለማቅረብ እየተዘጋጀን ነው፤ እንደኛ የከፈላችሁ ካላችሁ የተሰጣችሁን ወረቀት አትጣሉት፣ አብረን እናመልክት።