ፕራይም95፦ ያገለገለ ኮምፒውተር ለምትገዙ

እዚህ ጎንደር ያገለገለ ኮምፒውተር ልትገዙ ያሰባችሁ ልጆች ብር ከመቁጠራችሁ በፊት ፕራይም95ን፣ ማለት ኮምፒውተሩን በከባድ ሒሳብ አስጨንቆ ይሳሳት እንደሆነ የሚፈትሸውን ፕሮግራም፣ በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ። ነፃ ነው፣ ኢንስታል ምናምን አይፈልግም፣ ዚፑን ፈትቶ መክፈት ብቻ ነው፣ ከዛ ቶርቸር ቴስት የሚለውን መርጦ መጠበቅ። ፒያሳ አንድ ሱቅ "ምንም አይልም፣ እንደ አዲስ ነው" የተባለ ዴስክቶፕ ላይ ስከፍተው ፋኑ እንደ ወፍጮ ቤት ጮኸና ትንሽ ቆይቶ "ራውንዲንግ 0.5 ሆኗል፣ ከ0.4 ማነስ ነበረበት፣ ሃርድዌር ተበላሽቷል" የሚል ኤረር አመጣ፣ ማለት ቁጥር ሲያጠጋጋ ስህተቱ ከልክ አልፏል። ባለሱቁ "ወንድሜ ፕሮግራምህ ነው ችግሩ፣ ዩቲዩብ እኮ ጥርት አድርጎ ያጫውታል" አለኝ።

ዩቲዩብማ ያጫውታል፣ ቪዲዮ ላይ አንድ ነጥብ ቀለሟ ብትሳሳት ማን ያያታል? ይሄ ግን ሒሳብ ነው። ጆርጅ ዎልትማን እ.ኤ.አ. በ1996 ጂምፕስ የሚባለውን፣ ማንም በኮምፒውተሩ የሚሳተፍበትን ፍለጋ ሲጀምር ፕራይም95ን የሰራው መርሴን ፕራይም ለማደን ነው፣ ማለት ሁለትን ደጋግመህ አባዝተህ አንድ ስትቀንስ የሚመጡትን ፕራይም ቁጥሮች። አፈታተሹ በጣም ነው ደስ የሚለው። 31ን እንይ (አምስት ሁለቶች ተባዝተው አንድ ሲቀነስ)፦ ከ4 ትነሳለህ፣ በራሱ አባዝተህ 2 ትቀንሳለህ፣ 14 መጣ፣ 14ንም እንደዛው ስታደርገው 194፣ ለ31 ሲካፈል ቀሪው 8፣ 8ን ደሞ ስትደግመው 62፣ ለ31 ሲካፈል ቀሪው ዜሮ። የሚደጋገመው ከሁለቶቹ ብዛት ሁለት ያነሰ ጊዜ ነው (እዚህ ሦስት)፣ መጨረሻ ላይ ዜሮ ከመጣ ፕራይም ነው፣ አለቀ። 2047 ላይ (11 ሁለቶች) ብትሞክሩት ግን ዜሮ አይመጣም፣ 23 ሲባዛ በ89 ነዋ።

አሁን ይሄንኑ እ.ኤ.አ. በ2024 ሉክ ዱራንት የሚባል የጂምፕስ ተሳታፊ ያገኘው ላይ አስቡት፣ 136,279,841 ሁለቶች ተባዝተው አንድ ሲቀነስ፣ 41,024,320 አሃዝ ያለው ቁጥር! በዚህ መንገድ ለማረጋገጥ ማባዛቱን 136 ሚሊዮን ጊዜ መደጋገም ነው፣ መሀል ላይ አንዲት ቢት ከተሳሳተች ከዛ በኋላ ያለው በሙሉ ገደል ገባ። ስለዚህ ፕሮግራሙ እየሰራ ራሱን ይፈትሻል፣ እ.ኤ.አ. በ2016 መጀመሪያ የተወራውን የኢንቴል ስካይሌክ ፕሮሰሰር ችግር እንኳ ያጋለጠው እሱ ነው።

ፍለጋውን ራሱ ልቀላቀል ካላችሁ፣ ላገኘ 3,000 ዶላር አለው ግን ለገንዘብ ብላችሁ ከሆነ እርሱት፣ ዱራንት በየአገሩ የተከራየውን የጂፒዩ (የግራፊክስ ፕሮሰሰር) ሰርቨር ነው የተጠቀመው። መብራት ሲጠፋ ግን ስራው አይጠፋም፣ በየግማሽ ሰዓቱ ሴቭ ያደርጋል፣ ሲመጣ ከዛው ይቀጥላል፣ ይሄን በጣም ወድጄለታለሁ። ስራውን ጨርሶ የሚልከው የማረጋገጫ ፋይል ከመቶ ሜጋ ሊበልጥ ስለሚችል በሞባይል ዳታ ለምትጠቀሙ ግን ያማል።

ለመፈተሻ 5 ከ5፣ ለፍለጋ 3። መልኩ የድሮ ዊንዶውስ ይመስላል፣ እሱ ግድ የለም። ዋናው ጉድለቱ ሙቀት አያሳይም፣ ሌላ የሙቀት ማሳያ ፕሮግራም አብራችሁ ክፈቱ፣ በተለይ ላፕቶፕ ከሆነ።