ሐዋሳ ውስጥ «ቅጠል ቆራጭ ጉንዳን ከነእርሻው» ለሚሸጥላችሁ ሰው ቀብድ አትላኩ

ማስታወቂያው ብዙ ጊዜ በቴሌግራም ነው የሚመጣው። ቪዲዮው ያጓጓል፤ ቀያይ ጉንዳኖች ከራሳቸው የሚበልጥ የቅጠል ቁራጭ ተሸክመው በገመድ ላይ ይሰለፋሉ። ሥሩ ላይ «ከአካባቢያችን የተሰበሰበ፣ ንግሥቷ ያለችበት፣ ለቤት የሚሆን» ይላል። ዋጋ ስትጠይቁ ግማሹን በቴሌብር ላኩ፣ ቀሪውን መናኸሪያ ስትረከቡ ትከፍላላችሁ ትባላላችሁ። መናኸሪያ የምትረከቡት ሳጥን ግን ከቪዲዮው ጋር ምንም አያገናኘውም።

ቅጠል ቆራጭ ጉንዳን ቅጠሉን የሚሸከመው ጎጆው ውስጥ ፈንገስ ሊያበቅልበት ነው፤ መንጋው የሚመገበው ያንን ፈንገስ ነው፣ «እርሻ» የሚባለውም እሱ ነው። ይህ ጉንዳን አፍሪካ ውስጥ የለም። አታ እና አክሮሚርሜክስ የተባሉት ዋናዎቹ ወገኖች የሚኖሩት ከአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች አንስቶ እስከ አርጀንቲና ባለው ምድር ብቻ ነው። ስለዚህ ታቦር ተራራ ሥርም ሆነ ወንዶ ገነት ጫካ ውስጥ ማንም አይሰበስባቸውም። «ከአካባቢያችን» ያለ ሻጭ የያዘው ሌላ ነገር ነው፤ «ከውጭ አስመጣሁ» ያለው ደግሞ ሌላ ጣጣ አለበት፣ እሱን ወደ ታች እናየዋለን።

ሳጥኑ ውስጥ የሚገባው ብዙውን ጊዜ ምስጥ ነው። በአካባቢያችን ኩይሳ የሚሠራው ምስጥ እውነትም ፈንገስ አብቃይ ነው፤ ማታለሉ የሚሳካውም ለዚህ ነው። ኩይሳውን ቆፍሮ እርሻውን ከነሠራተኞቹ ማውጣትና የምግብ ሳጥን ውስጥ መክተት የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ገዢው ሲያየው ፈንገስ አለ፣ የሚርመሰመስ ነገር አለ፣ እና ያምናል። ንግሥቲቱ ግን ኩይሳው መሐል፣ እንደ ድንጋይ በጠነከረ ክፍል ውስጥ ቀርታለች። ሠራተኞቹ በቀናት ውስጥ እየመነመኑ ያልቃሉ። ምስጥ የማይጠብቀው እርሻ ደግሞ ወዲያው ዛይላሪያ በተባለ ሌላ ፈንገስ ይወረራል፤ ቀጫጭን ነጭ ዘንጎች ቀጥ ብለው ሲበቅሉበት ታያላችሁ። በዚህ ጊዜ ሻጩ «እርሻው አደገ፣ እንጉዳይ አወጣ» ብሎ ያጽናናችኋል። አደገ ሳይሆን ሞተ።

ሁለተኛው ማታለያ እህል ሰብሳቢ ጉንዳን ነው። ይሄኛው እውነተኛ ጉንዳን ነው፣ ራሱ ትልቅ ነው፣ አንዳንዴ ቅጠልም ሲጎትት ይታያል። የሚበላው ግን ዘር ነው፣ ፈንገስ አያበቅልም። ሻጩ አጠገቡ ሻጋታ የያዘ ዳቦ ወይም የምስጥ እርሻ ቁራጭ አስቀምጦ «እርሻው ይሄ ነው» ይላል። ጉንዳኖቹ ግን አይነኩትም፤ ዘር ሲጣልላቸው ብቻ ይሯሯጣሉ።

ለመለየት ማጉያ መነጽር አያስፈልግም፤ የስልክ ካሜራ አቅርባችሁ በደንብ ብርሃን ያለው ፎቶ አንሱ። መጀመሪያ ወገቡን ተመልከቱ። ጉንዳን ደረቱና ሆዱ መካከል ክር የሚያህል ቀጭን ወገብ አለው፤ ምስጥ ወገብ የለውም፣ ከላይ እስከ ታች አንድ ወጥ ነው፣ ገላውም ፈዛዛና ለስላሳ ነው። ቀጥሎ አንቴናውን፦ የጉንዳን ክርን አለው፣ መሐሉ ላይ ይታጠፋል፤ የምስጥ ቀጥ ያለ የጨሌ ክር ይመስላል። ጉንዳን መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ ጀርባውን አጉሉት። የአታ ሠራተኛ ደረቱ ላይ ሦስት ጥንድ እሾህ አለው፣ የአክሮሚርሜክስ አራት ጥንድ። ጀርባው ለስላሳ ሆኖ የሚያብረቀርቅ ጥቁር ወይም ቀይ ጉንዳን ከሆነ ውይይቱ እዚያው ያልቃል።

እርሻውም ራሱን ይገልጣል። የምስጥ እርሻ ቡናማ፣ ጠንከር ያለ፣ እጥፋት የበዛበት ሲሆን ላዩ ላይ ጥቃቅን ነጭ ፍሬዎች ይታዩበታል። የቅጠል ቆራጭ እርሻ ግራጫ ነጭ ነው፣ ሲነኩት ይፈርሳል፣ አዲስ ቅጠል የተጨመረበት ላይኛው ክፍል አረንጓዴ ወይም ጠቆር ያለ፣ ያረጀው ታችኛው ክፍል ቢጫ ቡናማ ነው። ሽታው የእርጥብ እንጉዳይ እንጂ የብስባሽ መሆን የለበትም።

እሺ፣ እንበልና እውነተኛው ተገኘ። ያኔም ገንዘባችሁን አታውጡ የምንለው በምክንያት ነው።

የአታ ንግሥት ከተወለደችበት ጎጆ ስትወጣ አፏ ውስጥ ባለ ትንሽ ኪስ የፈንገስ ፍርፋሪ ይዛ ነው። ያችን ፍርፋሪ በራሷ ፈሳሽ እያዳበረች ታበቅላለች፤ የመጀመሪያዎቹ ሠራተኞች እስኪወጡ ከ6 እስከ 9 ሳምንት ይፈጃል፣ ብዙዎቹም ንግሥቶች እዚህ ደረጃ ሳይደርሱ ይሞታሉ። ስለዚህ «ንግሥት ብቻ፣ በርካሽ» የሚል ቅናሽ ቁማር ነው። ፈንገሷ ከሞተ ሌላ ከየትም አታመጡላትም፤ የገበያ እንጉዳይ አይተካውም፣ ዝርያው ሌላ ነው። ንግሥቲቱ ከሞተችም ሠራተኞቹ አዲስ ንግሥት አያሳድጉም። ሻጭ ንግሥቲቱን፣ እርሻው ውስጥ ያሉትን ነጫጭ ዕጮችና ቢያንስ የዶሮ እንቁላል የሚያህል ፈንገስ በአንድ ያልተቆራረጠ ቪዲዮ፣ የዕለቱን ቀን በወረቀት ጽፎ ከጎኑ አድርጎ ካላሳየ ያለው ነገር የለም ማለት ነው።

የሚሰጣችሁ አንድ ሳጥን ብቻ መሆኑም ራሱ ጉድለት ነው። ትንሽ መንጋ እንኳ ሦስት ክፍል ይፈልጋል። አንደኛው የእርሻው ነው፦ 1 ሊትር ያህል የሚይዝ ግልጽ ሳጥን፣ ወለሉ ላይ ከ1 እስከ 2 ሳ.ሜ ጀሶ ፈስሶ የደረቀበት፣ ጀሶው በሲሪንጅ ውሃ እየጠጣ እርጥብ የሚሆን ግን ውሃ የማያቁርበት። ሁለተኛው ቅጠል የሚቀርብበት፣ ሦስተኛው ቆሻሻ የሚጣልበት ሲሆን ሁለቱም ደረቅ መሆን አለባቸው። የሚያገናኛቸው ቱቦ ውስጡ ከ1 ሳ.ሜ ባይጠብ ይመረጣል። ሁሉም በአንድ ሳጥን ሲታጨቅ ቆሻሻው እርሻው ላይ ይደርሳል፤ ኤስኮቮፕሲስ የተባለው ጥገኛ ፈንገስም እርሻውን ለመውረር የሚመቸው እንዲህ ሲሆን ነው። ክዳኑ ላይ የሚጠራቀመው ጤዛ ጠብ ጠብ ሲልበት ደግሞ ፈንገሱ ይላቁጣል።

ሙቀቱ ከ24 እስከ 26 ዲግሪ፣ የእርሻው ክፍል እርጥበት ከ80 በመቶ በላይ። ሐዋሳ ወደ 1,700 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች አየሩ ይስማማል የሚሉ አሉ። ኮርኒስ በሌለው ቆርቆሮ ቤት ግን በየካቲትና በመጋቢት ከሰዓት በኋላ ቴርሞሜትር አስቀምጡና እዩት፤ 30ን ካለፈና እዚያው ከቆየ ፈንገሱ አይተርፍም። ሌሊቱ ደግሞ ይቀዘቅዛል፣ ማሞቂያ ብታደርጉ መብራት ይጠፋል።

ምግቡ ላይ የሚሠራው ስህተት ከሁሉም ይብሳል። ሻጮች «ጽጌረዳ ስጧቸው» ይላሉ፤ ጽጌረዳ እውነትም ይወዳሉ። ግን ከአበባ እርሻ ወጥቶ ገበያ የሚሸጠው ጽጌረዳ ፀረ ሻጋታ የተረጨ ሊሆን ይችላል። ፀረ ሻጋታ ጉንዳኑን አይገድልም፤ ፈንገሱን ነው የሚገድለው። ጉንዳኖቹ ጤነኛ መስለው ቅጠሉን ሲሸከሙ እናንተ ደስ ይላችኋል፣ እርሻው ግን ከውስጥ እየጠቆረ ይሄዳል። ማጠብም አያስተማምንም፣ ቅጠሉ ውስጥ ሰርጎ የሚገባ ዓይነት አለና። ካልተረጨ ጓሮ የተቆረጠ ቅጠል ብቻ ነው የሚያዋጣው፣ እሱም በቀኑ የሚጨርሱትን ያህል።

አሁን «ከውጭ አስመጣሁ» ወደሚለው እንመለስ። በብራዚል እነዚህ ጉንዳኖች የባሕር ዛፍና የብርቱካን ተክል የሚያራቁቱ ተባዮች ናቸው፤ የጎለመሰ የአታ መንጋ በሚሊዮን ይቆጠራል። አሜሪካ ውስጥ እንኳ ያለ ፈቃድ ከክልል ክልል ማጓጓዝ ክልክል ነው። ቡናና ፍራፍሬ የሲዳማ ኑሮ በሆነበት ቦታ አንድ ንግሥት አምልጣ ብትራባ ኪሳራው የናንተ ብቻ አይሆንም። የግብርና ኳራንታይን የማስገቢያ ፈቃዱን አሳየኝ በሉት፤ ከዚያ በኋላ መልስ ከሰጣችሁ ይገርመናል። የጉንዳን ንግድ ቀልድ የሚመስለው ካለ ጎረቤት ኬንያን ይይ፦ በፈረንጆቹ 2025 ሚያዝያ ላይ ሁለት ወጣት ቤልጂየማውያን ወደ 5,000 የሚጠጉ እህል ሰብሳቢ ንግሥቶች በቱቦ ይዘው ተገኙ፤ በተከታዩ ወር 1 ሚሊዮን የኬንያ ሽልንግ እንዲከፍሉ ካልሆነም 12 ወር እንዲታሰሩ ተፈረደባቸው።

ቀብዱን ልካችሁ ከሆነ የቴሌብር ግብይት ቁጥሩንና ምልልሱን ዛሬውኑ ስክሪንሹት አንሱ፤ ሻጩ ምልልሱን ከሁለታችሁም ስልክ ላይ ሊያጠፋው ይችላል። ሳጥኑን ስትረከቡ ሳትከፍቱ በቪዲዮ ቅረጹት፣ ከዚያ ለፖሊስ አመልክቱ። በምንም ምክንያት ግቢ ውስጥ ወይም ሐይቅ ዳር አትልቀቁት። ምስጥ ከሆነና ዶሮ ካላችሁ ለዶሮዎቹ ሲሳይ ነው፣ ስጧቸው። ጀርባው እሾሃማ ሆኖ ከተገኘ ግን ሳጥኑን በፌስታል አሽጋችሁ ማቀዝቀዣው በረዶ ቤት ውስጥ ሁለት ቀን አቆዩት፤ ከዚያ በፊት አትክፈቱት።