ሀዋሳ ላይ ላፕቶፑ አልነሳ ያለው ሰው ካለ፣ ፎርማት ከማስደረጉ በፊት ይህን ያንብብልኝ

ሰላም ለሁላችሁም፣ የሀዋሳ ልጆች። ይህን የምጽፈው አንድ ወጣት ባለሙያ ለማመስገንና እናንተም ለቸገረው ሰው እንድትጠቁሙልኝ ነው። ጽሑፉ ትንሽ ይረዝማል። የሆነውን በደንብ ካልነገርኳችሁ ግን ያደረገልኝ ነገር አይገባችሁም።

ታቦር ክፍለ ከተማ የጽሕፈትና የኮፒ ቤት ከከፈትኩ አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። የክስ ማመልከቻ፣ የቤት ኪራይ ውል፣ የትምህርት ቤት ፈተና፣ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የሙት ዓመት ጥሪ፣ ያልጻፍኩት ነገር የለም። ከዚህ ሌላ የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ነኝ። የ214 አባላት ወርሃዊ መዋጮ፣ ማን እንደከፈለ፣ ማን ውዝፍ እንዳለበት፣ ለየትኛው ሐዘን ስንት እንደወጣ፣ ድንኳኑና ወንበሩ ማን ዘንድ እንዳለ፣ ሁሉም ያለው በዚሁ ላፕቶፕ ላይ ነው። የወረቀት መዝገቡን ከተውነው አራት ዓመት አለፈን። የእድር ሂሳብ ሲጠፋ ጎረቤትን ከጎረቤት እንዴት እንደሚያለያይ ያየ ያውቀዋል።

የታኅሣሥ ገብርኤል ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው ነገሩ የደረሰብኝ። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ማብቃቱን ሰምቼ ነበር፤ መልእክቱም ስክሪኑ ላይ እየመጣ አስጨነቀኝ። አንድ ምሽት ሱቁን ልዘጋ ስል ወደ ዊንዶውስ 11 እንዲያድግ አዘዝኩት። በኋላ ይኸው ባለሙያ ልጅ እንዳስረዳኝ፣ ቀኑ አለፈ ማለት ኮምፒውተሩ በማግስቱ ይቆማል ማለት አልነበረም። የሚቀረው በየጊዜው በነፃ ይመጣ የነበረው የደህንነት ማስተካከያ ነው። ፋይሌን ሌላ ቦታ ገልብጬ፣ ተረጋግቼ ላደርገው እችል ነበር። የላፕቶፑ ባትሪ ደግሞ ከሞተ ቆይቷል፤ የሚሠራው ሶኬት ላይ ተሰክቶ ብቻ ነው። ስድሳ ምናምን ፐርሰንት ላይ ሲደርስ መብራት ሄደ።

መብራቱ ሲመለስ ላፕቶፑ ይነሳል፣ ያልተሳካውን ልመልስ ነው ይላል፣ ይጠፋል፣ እንደገና ይነሳል። መጨረሻ ላይ ሰማያዊ ገጽ አመጣና ከዚያ አላልፍ አለ። እስከ እኩለ ሌሊት አጠገቡ ተቀመጥኩ። እንቅልፍ የሚባል ነገር አልነበረም።

ጠዋት መጀመሪያ የወሰድኩበት ቤት ያለው ሰው ክዳኑን እንኳ ሳይከፍት «ፎርማት ነው፣ 600 ብር፣ ከሰዓት ትወስጃለሽ» አለኝ። ፎርማት ማለት ዲስኩን ደምስሶ ዊንዶውሱን እንደ አዲስ መጫን ነው። ፋይሌስ ስለው «ከተገኘ ይገኛል» ብሎ መለሰልኝ። ሌላ ምርጫ ያለ አልመሰለኝምና ቻርጀሩን ከቦርሳዬ እያወጣሁ ሳለ የእድራችን ሊቀመንበር ደወሉ። የሆነውን ስነግራቸው «ልጄ፣ ማንም እንዳይነካው! የእኔን ልጅ የመመረቂያ ጽሑፍ ያወጣለት አንድ ወጣት አለ፣ እሱ ጋ ሂጂ» አሉኝ። ያቺ ስልክ አምስት ደቂቃ ዘግይታ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምጽፈው ሌላ ነገር ነበር።

ልጁ የሚሠራው አሮጌው ገበያ አካባቢ፣ አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ላፕቶፑን ከእጄ ሲቀበል አላበራውም። «እትዬ፣ ስለ ብልሽቱ በኋላ ይነግሩኛል። መጀመሪያ ውስጡ ምን እንዳለ ይንገሩኝ። ሌላ ቦታስ ግልባጭ አለው?» አለኝ። የእድሩን መዝገብ፣ የደንበኞቼን ጽሑፎች፣ የት የት ፎልደር ውስጥ እንዳሉ አንድ በአንድ ጠይቆ ደብተሩ ላይ ጻፈ። ሃርድ ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ አሰምቶ እንደሆነም ጠየቀኝ። እንዲህ ዓይነት ድምፅ ካለ ዲስኩ ራሱ እየተጎዳ ስለሆነ ደጋግሞ ማብራት የቀረውን ይጨርሳል አለኝ። የእኔ ምንም ድምፅ አልነበረውም።

ከዚያ እንዲህ አለኝ፦ «የወደቀው ዊንዶውሱ ነው። ዊንዶውስ ማለት በሩን የሚከፍት ዘበኛ ነው። ዘበኛው ታመመ ማለት የቤቱ ዕቃ ተሰረቀ ማለት አይደለም። እኛ በሌላ በር እንገባለን።»

ሌላው በር አንዲት ፍላሽ ናት። ሊኑክስ ሚንት የሚባል ሌላ ሲስተም ተጭኖባታል፤ ላፕቶፑ ከሃርድ ዲስኩ ሳይሆን ከፍላሿ እንዲነሳ አደረገው። ሲስተሙ ዲስኩ ላይ ሳይጫን ከፍላሿ ብቻ ስለሚሠራ ያለውን ነገር አይነካም። በመጀመሪያ የዲስኩን ጤንነት አየ። ቀጥሎ ቢትሎከር በሚባለው የዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ ተቆልፎ እንደሆነ አጣራ። ተቆልፎ ቢሆን ኖሮ ባለ 48 አሃዝ የመክፈቻ ቁጥር ያስፈልግ ነበር፤ ያ ቁጥር ከሌለ እሱም ሌላም ሰው አይከፍተውም። ይህን እውነት አስቀድሞ ስለነገረኝ ይበልጥ አመንኩት። ዲስኩን ለማንበብ ብቻ እንዲሆን አድርጎ ከፈተው፤ በስህተት እንኳ ምንም እንዳይጻፍበት። በስሜ የተሰየመውን ፎልደር ስክሪኑ ላይ ሳይ ዕንባዬ መጣ።

ግን ወዲያው ሌላ ድንጋጤ። ከድሮዎቹ ጽሑፎች አንዱን ስከፍት አንድም የአማርኛ ፊደል የለም። የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ተደበላልቆ ገጹን ሞልቶታል። በቃ አለቀልኝ አልኩ። ልጁ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ያስረዳኝን ነገር በተለይ እንደኔ የጽሕፈት ሥራ የምትሠሩ ሁሉ ልብ በሉልኝ። የግዕዝ ፊደል፣ እያንዳንዱ ፊደል በኮምፒውተር ላይ የራሱን ቁጥር በሚያገኝበት በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሠንጠረዥ ውስጥ የገባው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1999 ነው። እነ ቪዥዋል ግዕዝን የመሳሰሉ፣ ለረጅም ዓመታት ስንጽፍባቸው የኖርናቸው የድሮ መጻፊያዎች ግን «ሀ»ን እንደ «ሀ» አያስቀምጡም ነበር። በእንግሊዝኛ ፊደላት ቦታ ላይ የግዕዙን ቅርጽ እንደ ልብስ ያለብሱ ነበር፤ ልብሱም ፎንቱ ነው። ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ልብሱ ይወልቅና የምናየው ዝብርቅርቅ ያለ ነገር ይሆናል። ፋይሉ ግን ደህና ነው። ፎንቱን ከራሱ ዕቃ ፈልጎ ጫነና እንደገና ከፈተው። ጽሑፉ ከነነጥቡ ተመለሰ። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ሲደርስ ተበላሽቷል ብሎ ደህናውን ፋይል ያጠፋዋል አለኝ። እኔም ብቻዬን ብሆን ይህንኑ ነበር የማደርገው።

ስለ መገልበጡ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። የራሴን ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ አመጣሁ እንጂ በእሱ ኮምፒውተር ላይ ምንም አላስቀመጠም። «የሰው ክስና ውል ነው ያለበት፤ እኔ ጋ መቅረት የለበትም» አለ። ለእኔ ይህ ከሙያው ሁሉ ይበልጣል። ሰዎች የሚጽፉልኝን የትዳር ክርክርና የውርስ ጉዳይ አምነውኝ ነው የሚሰጡኝ። 94 ጊጋ ባይት ለመገልበጥ ግማሽ ቀን ፈጀ። ሲያልቅ በሁለቱም በኩል ያለውን የፋይል ብዛትና መጠን አስተያየ። ያም አልበቃውም፤ ራሴ የመረጥኳቸውን ሃያ ፋይሎች አንድ በአንድ አስከፈተኝ። የእድሩን መዝገብ ስከፍት የመጨረሻው መስመር፣ ባለፈው ወር ላረፉት እናት የወጣው ወጪ፣ እንዳለ ቁጭ ብሏል።

ወደ ላፕቶፑ ጥገና የገባው ከዚህ በኋላ ነው። ማሻሻያው የድሮውን ዊንዶውስ ለ10 ቀን ያህል አንድ ፎልደር ውስጥ ስለሚያቆየው ወደ እሱ ሊመልሰው ሞከረ፤ ግማሽ ላይ ስለተቋረጠ እሺ አላለም። ከዚያ «እትዬ፣ አሁን ዲስኩን ልደምስሰው? ይፈቅዱልኛል?» ብሎ ጠየቀኝ። ፋይሌ በእጄ እያለ እንኳ ሳያስፈቅድ አልነካውም። ዊንዶውስ 11ን እንደ አዲስ ሲጭን ላፕቶፑን ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጊዜው ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) ላይ ሰክቶ ነው። ፕሮግራሞቹ እንደ ፋይል የሚገለበጡ ስላልሆኑ እንደገና መጫን ነበረባቸው፤ የአማርኛ መጻፊያውንና ፕሪንተሬንም አስተካክሎ በሦስተኛው ቀን አስረከበኝ።

ዋጋውን ሥራውን ሳይጀምር ወረቀት ላይ ጽፎ አሳይቶኝ ነበር፦ ፋይሉ ከተገኘ 1,800 ብር፣ ካልተገኘ የምርመራ 200 ብር ብቻ። ከደስታዬ ብዛት ጨምሬ ስሰጠው አልቀበልም አለ። «ትርፉን ባትሪ ይግዙበት» አለኝ። ገዛሁ። ኤክስተርናሉን ደግሞ አሁን በየሳምንቱ ዓርብ እገለብጥበታለሁ፤ ከላፕቶፑ ተለይቶ ቤት ነው የሚያድረው።

ወረፋ እንዳለበት ግን ልንገራችሁ። ብቻውን ስለሚሠራ ሥራ ሲይዝ ስልክ አያነሳም፤ በማለዳ በአካል መሄድ ይሻላል። ስሙንና ስልኩን እዚህ እንዳልጽፍ ስለለመነኝ ቃሌን እጠብቃለሁ። የምትፈልጉት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ሱቁን አሳያችኋለሁ። ሩቅ ከሆናችሁም ባጃጅ ይዤ እወስዳችኋለሁ፣ ከልቤ ነው።

ወንድሜ፣ ይህን የምታነብ ከሆነ እጅህ ይባረክ። ባለፈው እሑድ በእድሩ ስብሰባ ሂሳቡን ሳነብ ያደረግከውን ተናግሬያለሁ፤ ሽማግሌዎቹ ተነስተው መርቀውሃል።

የምትሄዱ ሰዎች ላፕቶፑ አልነሳ ካለ ደጋግማችሁ አታብሩት። ቻርጀሩን፣ የይለፍ ቃላችሁን፣ ውስጡ ካለው ፋይል የሚበልጥ ባዶ ቦታ ያለው ኤክስተርናል ይዛችሁ ሂዱ።