የፒኤችአር1 አንቲቦዲ ልትገዙ ነው? ቆይ፣ ጥንቸሏን ተዉ

«የፒኤችአር1 አንቲቦዲ ከየት ልግዛ?» ዘንድሮ ብቻ አራት ሰው ጠየቀኝ። (ፒኤችአር1 ተክል ፎስፌት ሲያጣ ጂኖችን የሚያበራ ፕሮቲን ነው፤ አንቲቦዲው ደግሞ እሱን ለይቶ የሚይዝ ሌላ ፕሮቲን።) አምስተኛው ሳይመጣ ልጻፈው።

አትግዙ። ፕሮቲኑ ላይ ታግ (መለያ ቅጥያ)፣ ማለትም ጂኤፍፒ የሚባለውን አረንጓዴ አብሪ ፕሮቲን፣ አስገቡና የጂኤፍፒ አንቲቦዲ ግዙ።

ይህን የተማርኩት በ420 ዶላር ነው። 100 ማይክሮሊትር የጥንቸል አንቲቦዲ (ጥንቸል ተወግታ ከደሟ የሚወጣ)፣ ካታሎጉ ላይ አንድ ጥርት ያለ ባንድ፣ ማለትም ፕሮቲኑ የተገኘበት ጥቁር ሰረዝ። እኔም ብሎቱን (ፕሮቲኖች በክብደት ተለይተው በአንቲቦዲ የሚፈተሹበትን) ሳወጣ 50 ኪሎዳልተን (የፕሮቲን ክብደት መለኪያ) አካባቢ ቆንጆ ባንድ አየሁ። ደስታዬ ግን ቀጣዩን መስመር እስካይ ድረስ ነበር፤ ፒኤችአር1 የሌለው ሚውታንትም እኩል ጠቁሯል! ሻጩ «ይበልጥ አቅጥነው ይሞክሩ» አለኝ። 1 ለ1,000፣ 1 ለ5,000፣ 1 ለ10,000 ሞከርኩ፤ ሁለቱም ባንዶች አብረው ደበዘዙ። ቅጠል ውስጥ የሞላው ሩቢስኮ የሚባል ፕሮቲን ትልቁ ክፍሉ 55 ኪሎዳልተን ገደማ ነው፤ እዚያው ሰፈር ያደናግራል። 45 የሚመዝነው ፒኤችአር1 ግን ጂኤፍፒ ሲጨመርበት 72 ገደማ ይገባና ከዚያ ጣጣ ይርቃል።

«ታዲያ ራሴ ላሠራ?» የሚልም አለ። ለሁለት ጥንቸል ከ1,000 ዶላር በላይ፣ ሦስት ወር ገደማ መጠበቅ፤ ጥንቸሎቹ ሲሞቱ ሴረሙም አለቀ፣ የሌላ ጥንቸል ደግሞ ሌላ አንቲቦዲ ነው። የጂኤፍፒ ሞኖክሎናል (ከአንድ የሴል ዘር የሚመረት አንቲቦዲ) አንዱ ብልቃጥ ግን ጂኤፍፒ እስካለበት ድረስ ለፎስፌቱ ፒኤችአር1ም፣ ለድርቁ ፕሮቲን ኤቢአይ5ም፣ ጎረቤት ላብ ለሚሠራውም ይሆናል። ዋጋውን ለዚያ ሁሉ አካፍሉትና እዩት።

ከፒኤችአር1 ጋር አብረው የሚጣበቁትን ፕሮቲኖች ለምትፈልጉ ጂኤፍፒን የሚይዝ የአልፓካ ናኖቦዲ (ትንሽ የአንቲቦዲ ቁራጭ) አለ። ዋጋው ያስለቅሳል፤ ግን 50 ኪሎዳልተን ላይ ወጥቶ የሚጋርድ ከባድ ሰንሰለት (የተራ አንቲቦዲ ትልቁ ክፍል) የለውም። (የዚህ ዓይነቱ አንቲቦዲ በ1993 የታወቀው ከግመል ደም ነው። የእኛ ግመሎች ድርሻቸውን አልጠየቁም።)

አንድ ወጥመድ፦ በ35ኤስ ፕሮሞተር (ጂንን ሁልጊዜ በኃይል በሚያበራ ማብሪያ) አታስጩኹት። እንደ ፒኤችአር1 ያለ ትራንስክሪፕሽን ፋክተር (ጂን አብሪ ፕሮቲን) በተፈጥሮው ጥቂት ነው፤ ሲበዛ የማያውቀው ጂን ላይ ሁሉ ይቀመጣል። በራሱ ፕሮሞተር ሚውታንቱ ውስጥ አስገቡት፤ ተክሉ ፎስፌት ሲያጣ እንደ ጤነኛው ካልሆነ ታጉ አበላሽቶታል ማለት ነው።

ጤፍ ላይ የምትሠሩ ግን ልዩ ናችሁ። ጂን ማስገባቱ ስለሚያስቸግር ጥንቸሏ ትገባለች። ያኔም ለአራቢዶፕሲስ (የላብራቶሪ ተክል) የተሠራውን አንቲቦዲ በዝምታ አትግዙ። አንቲቦዲው የተሠራበትን ፔፕታይድ (አጭር የፕሮቲን ቁራጭ) ቅደም ተከተል ጠይቁና ከጤፉ ጋር ፊደል በፊደል አመሳክሩ፤ ጤፍ ቴትራፕሎይድ (ሁለት ጂኖም የተዋሃዱበት) ስለሆነ ከሁለቱም ጂኖም ቅጂዎች ጋር። ሻጩ «ምስጢር ነው» ካላችሁ ሌላ ሻጭ ፈልጉ።