አስቀድሞ መፈተሽ ወይስ ለቅቆ መከታተል፦ የአሽከርካሪ አልባ መኪና ቁጥጥር ሁለት ፈሊጦች

በባሕር ዳር ዘንባባዎች ሥር ብስክሌት፣ ባጃጅና እግረኛ ተጋፍተው ሲያልፉ ለሚመለከት ሰው፣ ራሱን የሚነዳ መኪናን ማን ፈትሾ ይለቀዋል የሚለው ጥያቄ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም።

በአሜሪካ ፌዴራላዊ ሕግ አምራቹ መኪናው የደኅንነት ደረጃዎችን ማሟላቱን ራሱ ያረጋግጣል፤ መንግሥት አስቀድሞ ፈትሾ ማጽደቂያ አይሰጥም፣ ጉድለት ሲገኝ ግን እንዲታረም ያስገድዳል። ይህ አሠራር ለፈጠራ ሰፊ በር ቢከፍትም ዋጋው አደባባይ ላይ ይከፈላል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 በሳን ፍራንሲስኮ በሌላ መኪና ተገጭታ የወደቀችን እግረኛ ክሩዝ የተባለ ኩባንያ አሽከርካሪ አልባ መኪና 6 ሜትር ያህል ጎተታት፤ የካሊፎርኒያ ግዛት በራሱ ሕግ የሰጠውን የመንገድ ፈቃድ ያገደው፣ ኩባንያውም የ950 መኪኖችን ሶፍትዌር ያረመው ከዚያ በኋላ ነው።

አውሮፓ በአንጻሩ መኪናው ከመሸጡ በፊት የመንግሥት ማጽደቂያ ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በ2020 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 157፣ መኪናን በመስመሩ ጠብቆ በራሱ ለሚነዳ ሥርዓት የወጣው፣ በመጀመሪያ የመኪናውን ፍጥነት በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ገደበ፣ በኋላም ወደ 130 ከፍ አደረገው። ሥርዓቱ የሚሠራውም እግረኛና ብስክሌተኛ በተከለከሉበት፣ ተቃራኒ አቅጣጫዎቹም በአካል በተለያዩበት መንገድ ላይ ብቻ ነው። በዚህ መስፈርት ብስክሌተኛው በበዛበት በባሕር ዳር መሀል ከተማ መሪውን መልቀቅ አይታሰብም!

የቅድሚያ ማጽደቂያው መዘግየት አምራቾችን ያማርራል፤ እኔ ግን ለአገራችን የቅድሚያ ፍተሻውን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም ጥፋትን ተከታትሎ ማረም የተሟላ የአደጋ መዝገብና ብቁ መርማሪ ይሻል፣ እነዚህን ከማደራጀት ይልቅ በሌላ አገር የጸደቀን ሰነድ መርምሮ መቀበል ይቀላል።